ጣሪያ የሰፋው ልብስ ሰፊ

የእህቴ ባል ፈሪ ነው። እያማሁት አይደለም፤ እሱ ራሱ ከሰው ሲተዋወቅ ከስሙ ቀጥሎ የሚናገረው ይህንኑ ነው። «ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ደግሞም ፈሪ ነኝ» ይላል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ውሻ ይፈራል። አሳንሰር ይፈራል። ስልክ ደጋግሞ ከጠራ ማን ሞተ ብሎ ይፈራል፤ አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ ደግሞ «ሊነግሩኝ ፈርተው ነው» ብሎ ይብስበታል። ከሁሉ በላይ ግን የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፦ ከፍታና ቀዳዳ።

ከፍታውስ ይሁን። ዕድሜውን በሙሉ ስፌት መኪና ላይ አቀርቅሮ የኖረ፣ እግሩ ከመርገጫው በላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል መቀየር ቢያቅተው አይፈረድበትም። አምፖሉን የምትቀይረው እህቴ ናት። የቀዳዳው ነገር ግን ለብቻው ነው። ያደገው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር እናቱ ድስቱን፣ ሳህኑን፣ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ወለሉ ላይ ትደረድርና ልጆቿን በመካከሉ እንደ ዕቃ ታስተኛቸው ነበር። «ጠብ፣ ጠብ ሲል ያድርና ጠዋት እናቴ ስትስል እሰማለሁ» ብሎኛል አንድ ቀን፣ ክር በመርፌ እያስገባ፣ ቀና ሳይል።

ከዚያ ወዲያ ቀዳዳ ካየ እጁ አያርፍም። ኪስ ተቀዶ፣ የወንበር ልብስ ተተርትሮ፣ የመጋረጃ ጫፍ ላልቶ ዝም ብሎ አያልፍም። የበራቸውን የቁልፍ ቀዳዳ ሳይቀር፣ ነፋስ ገባ ብሎ በጥጥ ወትፎት፣ እህቴ ከገበያ ስትመለስ ቁልፉ አልገባ ብሏት ደጅ ቆማ ታውቃለች። የሰፈሩ ሰው «ዝምዝማት» የሚለው በዚህ ነው። ጨርቅ እንዳይተረተር ጫፉ ላይ የሚሰፋውን ስፌት ማለታቸው ነው። እኔ ግን ታላቄ ነውና ጋሼ እለዋለሁ። እሱ እኔን «ትንሿ» ይለኛል። ትንሿ ሃምሳ ሞልቷታል፤ ስትነሳም ስትቀመጥም ጉልበቷ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል።

እንግዲህ ጣሪያ ላይ የወጣው ይህ ሰው ነው።

ነገሩ የመጣው ከእህቴ ሳምባ ነው። እታለም እላታለሁ፣ ታላቄ ናት። ሳሉ ክረምት በመጣ ቁጥር እየባሰባት ሄዶ በመጨረሻ ደረጃ መውጣት አቃታት። ሐኪሟ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደና «እርጥበት ጠላትሽ ነው። ዝናቡ ሳይጠና ወደ ሞቃት አገር ውረጂ። ሌላ ክረምት እዚህ እርጥበት ውስጥ ካሳለፍሽ እኔ ቃል የምገባልሽ ነገር የለም» አላት። ከክሊኒኩ ስንወጣ ጋሼ የሚስቱን ክንድ የያዘ መስሎት የያዘው የእኔን ነበር። አላስለቀቅኩትም።

ሞቃት አገር ዘመድ የላቸውም። ቤት እንከራይ ሲባል እታለም «የሰው ግድግዳ እንቅልፍ አይሰጠኝም» አለች። በዚህ መሃል አንድ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ተጎታች ቤቱን እንደሚሸጥ ሰማን። ከመኪና ኋላ ተቀጥላ የምትሄድ፣ ጎማ ያላት አንዲት ክፍል ናት። አልጋው፣ ምድጃው፣ የጋዝ ማሞቂያው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ሁሉም እንደ ታጠፈ ሸሚዝ ተጣጥፎ ውስጧ አለ። እታለም ገባች፣ አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ ነጠር ነጠር አለችና «ይቺ ናት» አለች። አለቀ።

ሹፌሩ ጢሙ ከአፉ ቀድሞ የሚናገር ሰውዬ ነበር። ምክሩን እንደ ሬዲዮ ዜና አከታትሎ ለቀቀው። «ጎማዋን ነፋስ እንዳታስርቡት። ማሞቂያው ሲነድ ከላይ ያቺ ባርኔጣ ታጨሳለች፣ እንዳትደነግጡ። የጣሪያውን መስኮት ክዳን እንዳትጫኑት፣ ፀሐይ በልቶታል፣ ብስኩት ነው። ጣሪያዋን ክረምት ሳይገባ እየወጣችሁ እዩ፤ የተጎታች ሞት ከጣሪያ ነው። በሩ ሲዘጋ ገፋ፣ ሲከፈት ሳብ።» እታለም በእያንዳንዱ «እሺ» ትላለች።

ጋሼ አንዱንም አልሰማም። ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ ተተክሏል። ከትራሱ በላይ፣ ከጣሪያው መስኮት ጎን፣ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ቡናማ እድፍ ነበረች።

በማግስቱ ተጎታቿ ግቢያችን መሃል፣ ከስፌት ሱቁ ፊት ለፊት ቆመች። ጋሼ ሰማያዊ የገበር ጨርቅ ቆርጦ እድፏ ላይ በስፒል ለጠፈባት።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለች እታለም።

«ጌጥ ነዋ።»

«አንተ ሰውዬ፣ በሠላሳ ዓመት ጋብቻችን አንድ ጌጥ ሰቅለህ አታውቅም።»

«ለተጎታች እንዲህ ነው የሚደረገው፣ እሜቴ።»

እሱ ዞር ሲል ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው። «ያፈሳል፣ አይደል?» አለችኝ በሹክሹክታ። እሱ እሷ እንዳትፈራ፣ እሷ እሱ እንዳይፈራ፣ አንዲት ክንድ የማትሞላ ጨርቅ ለሁለት ለብሰው ሰነበቱ።

ሰማዩ ግን ይጠቁር ጀመር። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ከሩቅ ሲያጉረመርም ጋሼ መቀሱን ያስቀምጥና ወደ ተጎታቿ ያያል። አንድ ቀን የደንበኛ ሱሪ ግራውን እግር ከቀኙ አሳጥሮ ቆረጠው። በሕይወቱ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። የተቆረጠውን ጨርቅ ትክ ብሎ አየና «ትንሿ፣ መሰላል ከየት ይገኛል?» አለኝ።

ከጎረቤታችን ከቀለም ቀቢው ተዋስን። ጋሼ መሰላሉን እንደ ማያውቁት በሬ ከሩቅ ዞረው፣ ቀረበ፣ ነካ አደረገው፣ ራቀ። ከዚያ ሱቁ ገብቶ የገበር ጨርቅ እንደ ገመድ ገምዶ አመጣና አንዱን ጫፍ ወገቡ ላይ፣ ሌላውን እኔ ወገብ ላይ አሰረ።

«ይሄ ለምንድነው ጋሼ?»

«ከወደቅኩ እንድታውቂ።»

«ከወደቅህማ በዓይኔ አይህ የለም እንዴ!»

«ደንግጠሽ ዓይንሽን ብትጨፍኚስ?»

እታለም ሱቁ ደጃፍ ወንበሯ ላይ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ገና ሁለተኛው ርብራብ ላይ ነህ እኮ! ከዚያ ብትወድቅ የሚሰበረው ጫማህ ነው!» ትላለች።

«አታስቂኝ እሜቴ፣ ሳቅ ይጥላል!»

ወደ ላይ እየራቀ ሲሄድ ግን ማናችንም አልሳቅንም። የጉልበቱ መንቀጥቀጥ በመሰላሉ በኩል መዳፌ ድረስ ይመጣል። ጫፉ ላይ ሲደርስ በሆዱ ተንፏቆ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

«ጋሼ?»

«ጋሼ! ምን ሆንክ?»

«አለሁ» አለ ከብዙ ጊዜ በኋላ። «ዓለም ሰፊ ነው ለካ። አልወደድኩትም።»

ቆሞ መሄድ አልቻለም፤ ጣሪያውን ያየው በደረቱ እየተሳበ ነው። ክብደቱ አንድ ቦታ እንዳያርፍ ቀለም ቀቢው የሰጠውን ሳንቃ ከሥሩ እየገፋ ሄደ። አፍንጫው ከላሜራው ስለማይርቅ ቆሞ የሚያይ ሰው የማያየውን ሁሉ አየ። መጀመሪያ አቧራውንና የወፍ ኩሱን በስፖንጅ አጠበ። ሲደርቅ የልብስ ጠመኔውን ከእኔ ተቀበለና ስንጥቅ ባገኘ ቁጥር፣ ሱሪ እንደሚለካ፣ ነጭ ምልክት ያደርጋል። ላሜራና ላሜራ የሚጋጠሙበት የድሮ ማሸጊያ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። የብሎኖቹ ራስ ዝጓል። «ይቺን ማን ሰፋት!» ይላል፣ ተናዶ። ንዴቱ ደስ አለኝ፤ የተናደደ ሰው መፍራቱን ይረሳል።

ከጣሪያው መስኮት አጠገብ ሲደርስ በአውራ ጣቱ ተጫነ። ድጋሚ ተጫነ።

«ትንሿ» አለ ቀስ ብሎ፣ እታለም እንዳትሰማ። «እዚህ ጋ ይሰረጉዳል።»

ከላሜራው ሥር ያለው ኮምፔንሳቶ ውኃ ጠጥቶ ለስልሷል። ሲወርድ ፊቱ እንደ ጠመኔው ነበር፤ ምሳ ቀርቦ አልበላም። ቀለም ቀቢው ወጥቶ በሚስማር ጫፍ ወጋ ወጋ አደረገና «ገና አልበሰበሰም። ፀሐይ ላይ ይሰንብትና ደህና አድርገህ ድፈነው» አለ። አላስፈላጊ ምክር! ይህን ሰው «ድፈን» ማለት ዓሣን ዋኝ ማለት ነው።

ጣሪያው እስኪደርቅ ፀሐይ በየቀኑ ወጣልን። ጋሼ የድሮውን ማሸጊያ በእንጨት መፋቂያ ልጦ አነሳ፣ በአልኮል ወለወለ፣ አዲሱን ለጣሪያ የሚሆነውን ማሸጊያ ከጠመንጃ መሳይ መግፊያው አፍ እያወጣ አሰመረው። እንዴት ያለ መስመር መሰላችሁ! ቀጥ ያለ፣ አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው፣ የሙሽራ ቀሚስ የሚያስንቅ። በየብሎኑ ራስ ላይ እንደ አዝራር ጠብ ያደርጋል። መፍራቱ ትጋት ሆነ፤ ትጋቱ ደግሞ ልክ አጣ። የመስኮቱን ክዳን ዙሪያውን ደፈነው። ከኋላ በኩል ቆርቆሮ ባርኔጣ የደፋች አጭር ቱቦ አገኘ፤ ከባርኔጣዋ ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ጣት ካስገባ ዝናብ ያስገባል። ላስቲክ የተቀባ ሸራ ቆረጠ፣ ጠመጠመባት፣ ማሸጊያ አጠጣት፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ተኮሰው።

ሲወርድ፣ መሰላሉ ላይ መሆኑን ረስቶ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ። «እሜቴ! አሁን ጉንዳን ፈቃድ ካልጠየቀች አትገባም!»

ያ አልበቃ ብሎት በሩ ላይ ከውስጥ ሌላ መቀርቀሪያ ጨመረ። «መንገድ ላይ የምንተኛ ሰዎች ነን» አለ።

ዝናቡ የመጣው ሊሄዱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ከምሳ በኋላ ነው። ጠብታው ትልልቅ ነበር። እታለም ሳቀች። «በሉ ይኸው ፈተናው መጣ! እኔ ገብቼ እተኛለሁ። ጠብ ካለብኝ ጉድህ ፈላ፣ አንተ ሰውዬ።» ጨርቁን ከኮርኒሱ ነቅላ ጋሼ ትከሻ ላይ ጣለችው፤ ሁሉንም እንደምታውቅ ያኔ ገባው። ማሞቂያውን ለኮሰች፣ መስኮቶቹን ዘጋች፣ «ማንም እንዳይከፍትብኝ፣ ብርድ ይገባል» ብላ ሁለቱንም መቀርቀሪያ ወረወረች። ኳ፣ ኳ ሲል ሰማን።

እኔና ጋሼ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠን ዝናቡን እናያለን። ውኃው ከጣሪያዋ እየተንሸራተተ በጎን ይፈሳል፤ እንደ ሸማኔ ክር። ጋሼ እጁን ጭኑ መሃል ቀብሮ ጆሮውን ወደ ተጎታቿ አዘንብሏል። ጩኸት የለም። «ፈሰሰ» የሚል የለም። ቀስ በቀስ ትከሻው ወረደ፤ እንደዚያ ዘና ብሎ አይቼው አላውቅም። ሻይ ቀዳሁለት።

«ተኝታለች» አለ። «ሳል እንኳ አይሰማም።»

እኔም ለወሬ ያህል፣ «ሹፌሩ ታጨሳለች ያላት ባርኔጣ የቷ ናት? ማሞቂያው ሲነድ እንዳትደነግጡ ያላት?» አልኩት።

«ምን ባርኔጣ?»

«ጣሪያው ላይ ናት መሰለኝ።»

ብርጭቆው ከእጁ አልወደቀም። አስቀመጠው። በጣም ቀስ ብሎ፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እሷንማ ሰፋኋት» አለ።

ወደ ተጎታቿ ሮጥን። በሩን ደበደብን። «እታለም! እታለም!» መልስ የለም። ጋሼ እጀታውን ሲስብ በሩ ንቅንቅ አላለም፤ መቀርቀሪያውንም ደህና አድርጎ ነበር የገጠመው። ድንጋይ አንስቼ መስኮቱን መታሁ። ወፍራም ፕላስቲክ ነው፤ ድንጋዩ ነጥሮ ወደ እኔው ተመለሰ። ከውስጥ በኩል መስኮቱ በእንፋሎት ታውሯል። አልጋው ላይ የእግሯ ቅርጽ ይታየኛል፣ አይንቀሳቀስም።

«ጋሼ፣ ምን እናድርግ? ጋሼ!»

ዞር ስል የለም። መሰላሉ ላይ ነው። ዝናብ እየወረደበት፣ ርብራቡ እንደ ሳሙና እያንሸራተተ፣ ወገቡ ላይ ምንም ሳያስር፣ ትልቁን የጨርቅ መቀስ በጥርሱ ነክሶ። ሮጬ መሰላሉን ያዝኩ። መዳፌ ላይ መንቀጥቀጥ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። የሚንቀጠቀጠው የእኔው እጅ ነበር።

ጣሪያው ላይ ቆመ። ቆመ ነው የምላችሁ! ያን ሁሉ ጊዜ በደረቱ የተሳበ ሰው በሁለት እግሩ ቆሞ ሄደ። ሸራው በመቀስ ሲተለተል ሰማሁ፤ ቀጥሎ የመስኮቱ ክዳን ላይ ተንበረከከ። ያን ብስኩት ክዳን፣ ያን እንደ ሙሽራ ቀሚስ ያሳመረውን ጠርዝ፣ በመቀሱ እጀታ ደበደበው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ስንጥር ሆኖ ወደ ውስጥ ገባ፤ ዝናቡም ተከትሎ ገባ። ጣሪያው ላይ የተጠራቀመው ውኃ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ተገለበጠ፣ ቀጥታ ትራሱ ላይ፣ እናቱ ሳፋ ትደቅንለት የነበረው ዓይነት ውኃ።

«እሜቴ!» ብሎ ጮኸ ወደ ቀዳዳው። «ተነሺ! ያፈሳል! ቤቱ ያፈሳል!»

ዝናቡ ብቻ። በዚያች ቅጽበት እህት የሌለኝ ሆኜ ራሴን አየሁት።

ከዚያ ከውስጥ፣ ከጉድጓድ እንደሚመጣ፣ የደከመ፣ የተቆጣ ድምፅ ተሰማ። «አላልኩህም… ጠብ ካለብኝ… ጉድህ…»

«መቀርቀሪያውን ሳቢ!» አልኩ እየጮህኩ፣ «እታለም፣ መቀርቀሪያውን!» ስትንፏቀቅ ይሰማኛል። አንዱ ተከፈተ። ሁለተኛው ዘገየ፤ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተከፈተና እህቴ፣ ከላይ እስከ ታች ርሳ፣ ክንዴ ላይ ወደቀች። ጋሼ እንዴት እንደወረደ አላውቅም። እሱም አያውቅም።

ክሊኒክ ወስደናት ኦክስጅን ተደረገላት። ነርሷ ስለ ታፈነ ጭስ ሰምታ «ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን…» አለችና የጋሼን ፊት አይታ ተወችው። እሱ አልጋው ሥር ተቀምጦ፣ ከጫማው ውኃ እየተንጠባጠበ፣ የሚስቱን እግር በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

እታለም ጭምብሉን ከአፏ ዝቅ አደረገች። ራሷ ይወቅራታል፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«አንተ ሰውዬ» አለች። «ሸሚዝ ስትሰፋ የአንገቱንም መግቢያ ትደፍነዋለህ እንዴ?»

እኔ በሳቅ ፈነዳሁ፤ ነርሷም። ጋሼ ግንባሩን እግሯ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። እሷም እየሳቀች በጣቷ ፀጉሩን ታብስለታለች፣ «ረጥበሃል እኮ፣ ረጥበሃል» እያለች።

ሰማዩ ሲገለጥ መሰላሉን ሳይዞር ወጣ። በባርኔጣዋ ሥር የቀረውን ሸራ እስከ መጨረሻው ክር ለቅሞ አነሳ፣ ለመስኮቱ አዲስ ክዳን ገጠመ፤ የሚከፈት ክዳን። ክፍት መሆን ያለበትን ቀዳዳ ሁሉ፣ የአዝራር ቀዳዳ እንደሚያመለክት፣ በጠመኔ ከበበው። ቀለም ቀቢው ጠመኔው በዝናብ ይጠፋል ቢለው የራሱን ቀይ ቀለም ተቀብሎ ደገመው። ሁለተኛውን መቀርቀሪያ ፈታ። ከዚያ ቀለም ቀቢው ተጎታቿን ከፒካፑ ኋላ ቀጥሎ ይዟቸው ወረደ።

አሁን ሞቃት አገር ናቸው። የእታለም ሳል ቀንሷል፤ ምሽቱ ቀዝቀዝ ሲል ግን ማሞቂያውን ይለኩሳሉ። እኔ የምደውለው በዚያ ሰዓት ነው። ስልኩ ደጋግሞ ሳይጠራ፣ ጋሼ ሳይደነግጥ፣ ፈጠን ብላ ታነሳዋለች። ትናንት ስደውል ያካፋ ነበር፤ ላሜራውን ሲመታ በስልኩ ይሰማል።

«ጋሼ የታለ?»

«የት ይሆናል፣ ደጅ ነዋ። ባርኔጣዋን እያየ ነው።»

«ዝናብ ላይ?»

«ጃንጥላ ይዟል። ግን ጭሱን እንዳይከልለው ወደ ኋላ አዘንብሎታል፤ ፊቱን ነው የሚያስመታው።»

ከሩቅ ድምፁ መጣ፣ የፈራ፣ ቀጭን። «ታጨሳለች!»

«እንግዲያው ግባ!» አለች እህቴ። «እኔን ከእርጥበት አውጥተህ አንተ ልትበሰብስ ነው!»

«ቆይ እሜቴ» ሲል ሰማሁት። «አንድ ጊዜ ደግማ ትተንፍስ።»